የታመመ እንስሳ ቤት ወስዶ ማስታመም፦ በጅማ ለሚኖር ሰው የትኛው ይመቻል?

ያለ እናት የቀሩ ሦስት የድመት ግልገሎችን በጫማ ካርቶን የያዘ ሰው፣ ፀጉሩ የረገፈና ቆዳው የተጨማደደ ውሻ በገመድ ከሚስብ ሌላ ሰው ጋር በአንድ ጠዋት በርዎ ላይ ቢቆም፣ እጅዎ ሳያስቡት የሚዘረጋው ወደ ካርቶኑ ነው። ግልገሎቹ ንጹሕ ናቸው፤ ዓይናቸው ገና አልተገለጠም፤ ድምፃቸው አንጀት ይበላል። ውሻው ግን ይሸታል፤ ልጆች ይሸሹታል፤ ጎረቤትም «ይህን ደግሞ ከየት አመጣችሁት?» ይላል። እኔ ጅማ ውስጥ እንስሳት ሳስታምም በቆየሁባቸው ዓመታት የተረዳሁት ግን፣ ሲያዩት የሚያስጠላው ሕመም ብዙ ጊዜ ለማስታመም ቀላሉ፣ ሲያዩት የሚያሳሳው ደግሞ ከባዱ መሆኑን ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ እንስሳቱን የማወዳድረው በሚያሳዝኑት መጠን ሳይሆን ከአስታማሚው ቤት በሚጠይቁት ነገር ነው።

በሌሎች አገሮች የእንስሳት መጠለያዎች ለታማሚ እንስሳት ጊዜያዊ አስታማሚ ሲፈልጉ ምግቡን፣ መድኃኒቱንና የሐኪሙን ቀጠሮ በአብዛኛው የሚሸፍኑት ራሳቸው ናቸው፤ አስታማሚው የሚሰጠው ቤቱንና ጊዜውን ነው። እኛ ዘንድ ግን እንስሳውን በጎ ፈቃደኛ ያምጣልዎት ወይም ራስዎ ከመንገድ ያንሡት፣ ብዙውን ጊዜ መጠለያውም፣ ከፋዩም፣ ነርሱም እርስዎ ነዎት። ጅማ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ መሆኗ ትልቅ ዕድል ነው፤ ይሁን እንጂ ሐኪሙ እንስሳውን የሚያየው ለግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፣ የቀረው ሃያ ሦስት ሰዓት ተኩል የአስታማሚው ነው።

ከእንስሳው በፊት ቤቱ

የመጀመሪያው ጥያቄ በቀን ለስንት ሰዓት ሰው ቤት ውስጥ ይኖራል የሚለው ነው፤ በልብ ምኞት ሳይሆን እንደ ባለፈው ሳምንት ኑሮዎ ይቁጠሩት። ሁለተኛው የሚዘጋ ክፍል ወይም ጣሪያ ያለው ጥግ መኖሩ ነው። ቧንቧና መጸዳጃ ቤት በሚጋሩበት የኪራይ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ከሆነ፣ አከራይዎንም ጎረቤትዎንም ሳያማክሩ ተላላፊ በሽታ ያለበት እንስሳ ማስገባት በሦስተኛው ቀን እንስሳውንም እርስዎንም ሜዳ ላይ ሊያስቀር ይችላል።

ሦስተኛው በቤቱ ማን ይኖራል የሚለው ነው። ትንንሽ ልጆች ካሉ ጭርት ያለበት ድመት መውሰድ ማለት ልጆቹንም ለጭርት ማጋለጥ ነው። ነፍሰ ጡር ካለች የድመት ዓይነ ምድር ሌላ ሰው በጓንት በየቀኑ ማንሣት ይኖርበታል፤ ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተሕዋሲ በዓይነ ምድሩ ውስጥ ከወጣ በኋላ ሰውን ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ስለሚፈልግ፣ በየዕለቱ የሚጸዳ ዕቃ አደጋው በጣም ያነሰ ነው። ከዚህም ሌላ በጅማ በርካታ ሙስሊም ቤተሰቦች ድመትን በደስታ ቤት ያስገባሉ፤ ልብስና ዕቃ በውሻ ምራቅ ከተነካ መታጠብ ስላለበት ግን ውሻን ከቤት ውስጥ አያኖሩም። በክርስቲያኑም ቤት ቢሆን ውሻ የግቢ እንጂ የሳሎን እንስሳ አይደለም። ይህ እንደ እንቅፋት የሚቆጠር አይደለም፤ ከቤት ውጭ ሊታመም የሚችለውን ከማይችለው ለመለየት ይረዳል።

አራተኛው ዝናቡ ነው። ጅማ ዝናብ የማያጣት ከተማ ናት፤ በክረምት ደግሞ የታጠበ ፎጣ ሁለት ቀን ተሰጥቶም እርጥበቱ አይለቅም። ፋሻ፣ ምንጣፍና ቁስል ሁሉም መድረቅ ይፈልጋሉ፤ በጥር የሚቀለው ሥራ በሐምሌ እጥፍ ይሆናል።

ዓይን ያልገለጡ ግልገሎችና እከካም ውሻ

የድመት ግልገል ዓይን የሚገለጠው ከተወለደ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ዓይናቸው የተከደነ ግልገሎች ሁለት ሳምንት አልሞላቸውም። በዚህ ዕድሜ የሰውነታቸውን ሙቀት ራሳቸው መጠበቅ አይችሉም፤ እናታቸው ካልላሰቻቸው ሽንታቸውም ዓይነ ምድራቸውም አይወጣም። የእናቲቱን ሥራ መተካት ማለት በመጀመሪያው ሳምንት ሌሊቱን ጨምሮ በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ ማጥባት፣ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ለብ ባለ ውኃ በራሰ ጥጥ ከጅራታቸው ሥር ማሸት፣ ሣጥኑን 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ማቆየትና በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መመዘን ነው። ደኅና የሆነ ግልገል በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም ይጨምራል። ክብደቱ አንድ ቀን ሙሉ ባለበት ከቆመ ወይም ከወረደ፣ ግልገሉ እየጠባ ቢሆንም እንኳ አደጋ ላይ ነው፤ ይህን ደግሞ ከሚዛን በቀር ዓይን አያየውም። ሚዛን ከሌለዎት ቅመም የሚቸረችር ባለሱቅ ይለምኑ፤ እኔ ያንን ሳደርግ የሳቁብኝ ሰዎች በሳምንቱ ውጤቱን የሚጠይቁኝ ሆኑ።

የላም ወተት ብቻውን ያስቀምጣቸዋል። ትክክለኛው ለግልገል ድመት ተብሎ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ሲሆን፣ እሱም ጅማ ውስጥ በፈለጉት ሰዓት የሚገኝ ስላልሆነ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ እስኪደርስ ድረስ ለአንድ ሁለት ቀን መሸጋገሪያ የሚሆነውን የወተትና የእንቁላል አስኳል ድብልቅ አዘገጃጀት ከሐኪም ይጠይቁ። የሚሰጠው መርፌው በተነቀለ ትንሽ ሲሪንጅ ነው፤ ግልገሉ በሆዱ ተኝቶ፣ ፊት እግሮቹ በተጣጠፈ ፎጣ ላይ ተደግፈው፣ ጠብ ጠብ እያለ። እንደ ሕፃን በጀርባ አንጋሎ ማጥባት ወተቱን ወደ ሳንባ ይልከዋል።

በመጀመሪያው ዓመት ከተቀበልኳቸው አራት ግልገሎች አንዷን ያሳጣኝ የራሴ ርኅራኄ ነው። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ስነቃ ቀዝቅዛ አገኘኋት፤ ትንሿን ጣቴን አፏ ውስጥ ሳስገባ ምላሷ እንደ ቀዘቀዘ ማንኪያ ነበር። ርቧት ነው ብዬ ወተት ሰጠኋት። የቀዘቀዘ ግልገል ሆድ ግን ወተት አይፈጭም፤ መጀመሪያ ገላዬ ላይ ለጥፌ ቀስ በቀስ ማሞቅ ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ አልጋዬ ሥር በፔርሙስ የፈላ ውኃ ሳላስቀምጥ አልተኛም፤ መብራት ሲጠፋ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቼ፣ በካልሲ ጠቅልዬ፣ በሣጥኑ አንድ ወገን ብቻ አደርጋለሁ። ሌላው ወገን ባዶ የሚሆነው የሞቀው ግልገል የሚሸሽበት እንዲያገኝ ነው።

አሁን እከካሙን ውሻ ከዚህ ጋር ያነጻጽሩት። እከኩን የሚያመጡት በቆዳ ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው፤ ሐኪሙ ውሻውን መዝኖ አይቨርሜክቲን ወይም ሌላ ተመሳሳይ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ይህም በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ለተወሰነ ጊዜ ይደገማል። በመካከሉ የእርስዎ ሥራ ማብላት፣ መኝታውን መቀየርና ከሌሎች ውሾች መለየት ነው፤ ሁሉም ተደምሮ በቀን አንድ ሰዓት አይሞላም። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ማከኩን ይቀንሳል፤ በሁለተኛው ወር ለስላሳ ፀጉር ብቅ ይላል። ነፍሳቱ ወደ ሰው ተሻግረው ሊያሳክኩ ይችላሉ፤ ሆኖም የውሻው እከክ በሰው ቆዳ ላይ ተራብቶ ስለማይዘልቅ ውሻው ሲድን ማሳከኩም አብሮ ይጠፋል፤ እስከዚያው ጓንት ያድርጉ። በግቢው ሌላ ውሻ ካለ አብሮ መታከም አለበት፤ አለዚያ እከኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ ይኖራል።

ከበሽታው ይበልጥ የምፈራው በቅን ልቦና የሚሰጠውን ምክር ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ቆዳውን ያቃጥላል፤ ውሻውም ስለሚልሰው ይመረዛል። ለከብት መዥገር የሚረጭ መድኃኒትም እንዲሁ። ለከብት የተዘጋጀ አይቨርሜክቲን በጣም የተከማቸ በመሆኑ በዓይን ግምት ለቡችላ ሲሰጥ ሊገድል ይችላል። ለመኝታ የደረቀ ጭድ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ ሲቆሽሽ ማቃጠል ከጨርቅ ይሻላል፤ በክረምት ደግሞ ሌላ አማራጭ የለም። በአካባቢያችን እንደ ልብ የሚገኘውን የቡና ገለፈት ግን አይጠቀሙ፤ ካፌይን ስላለበት ውሻ ሲያኝከው ይጎዳዋል። (ውሻው በአማርኛ ሲጠሩት ዝም ካለ ግትር ነው አይበሉ፤ «ኮቱ» ይበሉት። የብዙዎቹ አፍ መፍቻ ኦሮምኛ ነው።)

ስለዚህ ቀን ሥራ የሚውል፣ ብቻውን የሚኖርና ጣሪያ ያለው የግቢ ጥግ ያለው ሰው ውሻውን ይውሰድ። ግልገሎቹን የምመክረው ሁለት ሰው ሌሊቱን ሊከፋፈል ለሚችልበት ቤት ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ለሦስት ሳምንት እረፍት ላይ ያለ ተማሪና ከቤት የማይወጡ እናት ላሉበት። ግልገሎቹ አራት ሳምንት ሞልቷቸው ለስላሳ ምግብ መላስ ሲጀምሩ ለማንኛውም ቤት ይሆናሉ።

የተገጨና የተነከሰ

ሁለቱም ቁስል ናቸው፤ ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው። መኪና ወይም ባጃጅ የገጨው ውሻ ሲያዩት ያስደነግጣል። ሐኪም አይቶት የውስጥ ደም መፍሰስ እንደሌለበት፣ መሽናት እንደሚችልና የኋላ እግሮቹ ስሜት እንዳላቸው ካረጋገጠ በኋላ ግን የሚቀረው ሥራ በአብዛኛው አንድ ነው፤ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ። ብዙ የዳሌ አጥንት ስብራት ያለ ቀዶ ሕክምና ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በሚቆይ ጥብቅ ዕረፍት ይጠግናል። ዕረፍት ማለት በገመድ መታሰር አይደለም፤ የታሰረ ውሻ ሰው ሲያይ ይዘላል። ቆሞ መዞር የሚያስችለው፣ መዝለል ግን የማያስችለው የእንጨት ሣጥን ወይም የተጠናከረ የዶሮ ቤት ያስፈልጋል።

እግሩ በፋሻና በድጋፍ የታሰረ ከሆነ ፋሻውን በቀን ሁለት ጊዜ ያሽትቱት። መጥፎ ሽታ፣ የጣቶች ማበጥ፣ ወይም ውሻው ሳያቋርጥ ፋሻውን ማኘኩ በዚያው ቀን ክሊኒክ የሚያስኬድ ነው። ለሽንት ሲወጣ እግሩን በፌስታል ይጠቅልሉ፤ ሲመለስ ግን ወዲያው ይፍቱት፤ በፌስታል ታፍኖ የሚውል ፋሻ ከውስጥ ይረጥባልና። ቁስሉን እንዳይልስ የሚያደርገውን የአንገት መከላከያ ከባለ አምስት ሊትር ጀሪካን መሥራት ይቻላል፤ ከታች ከአንገቱ ስፋት ጋር እኩል ይቆረጣል፣ ከላይ አፍንጫውን አልፎ በሁለት ጣት ያህል ይተርፋል፣ ስለቱ እንዳይቆርጠው ዙሪያው በፕላስተር ይለበጣል፣ በአራት ቀዳዳ በጨርቅ ማሰሪያ ከአንገቱ ማሰሪያ ጋር ይያያዛል። የመጀመሪያውን ቀን በየግድግዳው እየተጋጨ ያማርራል፤ በሁለተኛው ቀን ይለምደዋል። አያውልቁለት።

የተነከሰው ውሻ ግን ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ብቻ ይዞ፣ ጭራውን እየቆላ ይመጣል። ማን እንደነከሰው ካልታወቀ፣ እሱም የተከተበ መሆኑ ካልታወቀ፣ የእብድ ውሻ በሽታ በውስጡ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ምንም ሳይታይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ቁስሉ በሳምንት ቢድንም ውሻው ቢያንስ ለአራት ወራት ከሰውና ከእንስሳ ተለይቶ መጠበቅ አለበት። ይህን የሚችል ግቢ በጣም ጥቂት ነው፤ ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ ፈጽሞ አይደለም። በዚህ ጥንድ ላይ ፍርዴ አያወላውልም፤ የተገጨውን ይውሰዱ፣ የተነከሰውን ለሐኪም ያሳውቁ። መንጋጋው የተንጠለጠለ፣ ምራቁ የሚዝረበረብ፣ ውኃ መዋጥ ያቃተው፣ የሚንገዳገድ ወይም ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ውሻ፣ ድመት ወይም አህያ ጨርሶ አይነካም።

ማንኛውም እንስሳ ከነከስዎት ወይም ከቧጨርዎት ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ነካሹን ውሻ ወይም ድመት ለ10 ቀን በመከታተል የእብድ ውሻ በሽታን ያስተላልፍ እንደነበር ማወቅ የሚቻል ቢሆንም፣ ክትባቱን መጀመር ወይም ማቆየት የሐኪሙ ውሳኔ ነው። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ጸበሉም የአገር ባህል መድኃኒቱም የክትባቱን ሰዓት መውሰድ የለባቸውም።

የሚያስመልሰው ቡችላና ጉንፋን የያዛት ድመት

ደም የቀላቀለ ተቅማጥና ትውከት የያዘው ያልተከተበ ቡችላ በፓርቮ ቫይረስ የተያዘ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል፤ በጊዜ ግሉኮስና ተጓዳኝ ሕክምና ካገኘ ግን ብዙዎቹ ይተርፋሉ። ችግሩ ሕክምናው በደም ሥር የሚሰጥ መሆኑ ነው፤ የሚያስመልስ ቡችላ በአፉ የተሰጠውን ኦ አር ኤስ አይዝም፤ ስለዚህ አስታማሚው ለተከታታይ ቀናት ጠዋትና ማታ ወደ ክሊኒክ ሊያመላልሰው ይገባል። ይህም ሆኖ ከሕክምናው የሚከብደው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ቫይረሱ በአፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። የሲሚንቶ ወለል በመጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ፣ ቀጥሎ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውኃ ተበጥብጦ ለአሥር ደቂቃ ሲቆይበት ይጸዳል፤ የአፈር ግቢ ግን በምንም አይጸዳም። ግቢዎ አፈር ከሆነና የራስዎ ወይም የጎረቤት ቡችላ የሚመላለስበት ከሆነ ይህን በሽተኛ አይቀበሉ።

የሚያስነጥሳትና ዓይኗ የተጣበቀ ድመት ከዚህ ጋር ስትነጻጸር የዋህ በሽተኛ ናት። ሕመሙ በአብዛኛው ወደ ሰውም ወደ ውሻም አይተላለፍም፤ ከሌሎች ድመቶች ብቻ ትለያለች። አፍልተው ባቀዘቀዙት ውኃ በራሰ ጥጥ ዓይኗንና አፍንጫዋን መጥረግ፣ ቀዝቃዛ ሌሊት ላይ ማሞቅ፣ ሐኪም ያዘዘውን መስጠት ነው። ዋናው ነገር መብላቷ ነው፤ ድመት ያልሸተታትን አትበላምና አፍንጫዋ ሲዘጋ ሰርዲን ወይም የተቀቀለ ጉበት ለብ አድርገው ያቅርቡላት። ሁለት ቀን ምንም ካልቀመሰች ጉበቷ ሊጎዳ ስለሚችል ወደ ሐኪም ይውሰዷት። ለጀማሪ፣ በተለይም አንድ ክፍል ብቻ ለተከራየ ሰው፣ ከሁሉ በፊት የምመክረው ይህችን ነው።

ገጣባ አህያም አንዳንዴ ትመጣለች። ጭነት ካልቀረላት ምንም ቅባት አያድናትም፤ ባለቤቷ ደግሞ የዕለት እንጀራውን የሚያገኘው በዚያው ጀርባ ላይ ነው። ከሌላ አህያ ጋር ካልሆነች መኖ ታቆማለች፤ ጅብ በሚደርስበት ሰፈርም ጠንካራ በረት ያስፈልጋታል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሻለው አህያዋን መውሰድ ሳይሆን ባለቤቷን ረድቶ እዚያው በቤቷ እንድታርፍ ማድረግ ነው። የማይድን አሮጌ እንስሳን በተመለከተ ደግሞ ሥራው ትንሽ፣ ኀዘኑ ትልቅ ነው፤ ልጆችዎን አስቀድመው ካላዘጋጁ አይውሰዱ።

የትኛውንም ቢመርጡ

በቤትዎ ያለው የሰው መድኃኒት ሁሉ ይቆለፍ። አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል ድመትን ሊገድል ይችላል፤ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ያበላሻሉ። ወጣችን ራሱ ችግር አለበት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ በስሎም ቢሆን፣ የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ፤ ስለዚህ ለበሽተኛ የተረፈ ዶሮ ወጥ ከነአጥንቱ መስጠት ቸርነት አይደለም። ሩዝና ሥጋ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ ይቀቅሉለት። የቡና አተላ ግቢ ውስጥ አይደፋ። በአረፋና በፋሲካ እርድ ሲኖር ጉበትና ሳንባ ጥሬውን ለውሻ አይጣል፤ በውስጡ ሊኖር የሚችለው የውሻ ኮሶ ትል እጭ በውሻው በኩል ዞሮ ሰውን ስለሚይዝ ተቀቅሎ ይሰጠው ወይም ይቀበር።

እንስሳውን ከሚሰጥዎት ሰው ጋር በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ተስማሙ፤ መድኃኒቱን ማን ይከፍላል፣ ሌሊት ቢብስበት ለማን ይደወላል፣ ሲድን ወዴት ይሄዳል፣ ሥቃዩ ከበረታ በመርፌ እንዲያርፍ የሚወስነው ማን ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ሲነሣ ሰው ሁሉ ወሬ ይለውጣል፤ እርስዎ ግን መልሱ ሳይጻፍ ገመዱን አይቀበሉ።

ቀጣዩን እንስሳ መቼ መቀበል እንደሚችሉም በምርጫዎ ይወሰናል። ፓርቮ በገባበት የአፈር ግቢ ያልተከተበ ቡችላ ለአንድ ዓመት አይግባ። እከካም ውሻ ከሄደ በኋላ ጭዱን አቃጥለው ጥጉን ሦስት ሳምንት ባዶ ያቆዩት፤ ነፍሳቱ በቀዝቃዛና እርጥብ አየር ከቆዳ ውጭም ለጥቂት ሳምንታት ይቆያሉና። የጉንፋን ድመት የነበረችበት ክፍል በበረኪና ታጥቦ ሁለት ሳምንት ይረፍ። የተገጨው ውሻ የተኛበት የእንጨት ሣጥን ግን ታጥቦ ፀሐይ ከመታው በማግስቱ ሌላ ሊተኛበት ይችላል።